ከተጣለው መካከል የተገኘው መድኃኒት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

የዛሬው ዝግጅታችን በታሪክ ላይ ያተኮረ ነው፤ ወሬውን የምጀምረው ግን ከማድ ቤት ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ) መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

እኛ የምንኖርባት እንጭኒ ደጋ ናት። ክረምት ሲገባ ጉሙ ቶሎ አይነሳም፣ የታጠበ ልብስ አይደርቅም፣ እንጀራም ሦስት አራት ቀን ሲያልፈው ፊቱ ላይ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ አንዳንዴም ጥቁር ነገር ያወጣል። የልጆቼ እናት መሶቡን ከፍታ "ወይኔ፣ ይሄማ ሻገተ!" ትልና ለይታ ታወጣዋለች። ያንን አረንጓዴ ነገር ማናችንም ቆሻሻ ከማለት በቀር በሌላ ስም ጠርተነው አናውቅም። ይሁን እንጂ የአገራችን ተመራማሪዎች በእንጀራ ላይ የሚበቅሉትን ሻጋታዎች ለይተው ሲያዩ ካገኟቸው መካከል አንዱ ፔኒሲሊየም የሚባለው ወገን ነው። ሁላችንም የምናውቀው ፔኒሲሊን የተባለው መድኃኒት ስሙን ያገኘው ከዚህ ወገን ነው።

ዛሬ የማወራችሁ እንግዲህ ሰው ሁሉ ከሚጥለው ነገር ውስጥ መድኃኒት እንዴት እንደተገኘ፣ ያገኙት ሰዎች ምን ያህል እንደደከሙና ይህ በድካም የተገኘ ነገር በእኛ ቤት ምን እየሆነ እንዳለ ነው።

ጉዳትም ጥቅምም ያለው ፍጥረት

ሻጋታ፣ እርሾ፣ እንጉዳይ፣ በየሜዳው የሚበቅለው የጅብ ጥላ፣ ሁሉም ፈንገስ ከሚባለው አንድ ትልቅ ወገን ናቸው። ተክል አይደሉም፤ እንደ ተክል ከፀሐይ ምግባቸውን አይሠሩም። የሚኖሩት በሌላው ላይ፣ በተለይም በሞተውና በሚበሰብሰው ነገር ላይ ነው። አላህ (ሱ.ወ) እነዚህን ፍጥረታት ባይፈጥር ኖሮ የወደቀው ቅጠልና ግንድ ሁሉ እንደተከመረ በቀረ ነበር።

ከዚህ ተነስቶ ግን "የሻገተ ነገር መድኃኒት ነው" የሚል ሰው እንዳይኖር አደራ እላለሁ። በ1977 እና 1978 በወሎ ሰዎች ኤርጎት የሚባል ፈንገስ የያዘው ስናር የተቀላቀለበት እህል በልተው እግራቸውና ጣታቸው እየጠቆረ እስከ መቆረጥ የደረሱበት መከራ ታይቷል። በለውዝ፣ በበቆሎና በበርበሬ ላይ የሚበቅለው ሌላው ሻጋታ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ይህም ጉበትን ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። ስለዚህ የሻገተ እንጀራ የሚገባው መጣል ነው። መድኃኒቱን ከመርዙ መለየት የብዙ ሰዎች የብዙ ዓመት ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ ታሪካችንም ይኸው ነው።

ከምአህና ጋሪቁን

በፈንገስ የመታከም ነገር በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ እንግዳ አይደለም። በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች ውስጥ ከሰዒድ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) የተላለፈ ሐዲስ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ ሐዲስ ከምአህ የተባለችው ነገር ከመን ወገን መሆኗንና ውኃዋም ለዓይን ፈውስ እንዳለው ተናግረዋል። ከምአህ ማለት ዝናብ ሲዘንብ በዐረብ ምድረ በዳ ከአሸዋው ሥር የምትገኝ ድንች የምትመስል ፈንገስ ናት። ዑለማዎች ከመን ወገን የተባለችበትን ምክንያት ሲያስረዱ፣ ሰው ሳያርስና ሳይዘራ፣ ሳይደክምባትም የምትገኝ ስጦታ ስለሆነች ነው ይላሉ። ኢማም አን-ነወዊ በሶሂህ ሙስሊም ማብራሪያቸው ላይ የዚህች ውኃ አጠቃቀም እንዴት እንደሆነ የሊቃውንቱን ልዩነት ዘርዝረው፣ በዘመናቸው ዓይኑ ጠፍቶ የነበረ ሰው በዚህ ታክሞ ማየታቸውን ጽፈዋል።

ኢብኑ ሲናም በ"አል-ቃኑን" መጽሐፋቸው በመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ ጋሪቁን የሚባለውን በዛፍ ግንድ ላይ የሚበቅል ፈንገስ አካተውታል። ከእሳቸው በኋላ የመጡት የአንደሉሱ ኢብኑል በይጣርም ከ1,000 በላይ መድኃኒቶችን ሰብስበው በመጽሐፍ አስፍረዋል።

እዚህ ላይ ግን ሐቁን መናገር ይገባል። አንዳንድ ወንድሞቻችን ከዚህ ተነስተው "ፔኒሲሊንን መጀመሪያ ያገኘነው እኛ ነን" ሲሉ ይሰማሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ቀደምት ሐኪሞቻችን ባክቴሪያን አላዩም፤ ማያ መሣሪያው ገና አልነበረም። ያቆዩልን ነገር ሌላ ነው፤ እሱም ከአሸዋ ሥር ያለችውንና በግንድ ላይ የተለጠፈችውን ነገር ሳይንቁ መመልከትን፣ የተመለከቱትንም መጻፍን ነው። በ2004 በዮርዳኖስ የሚገኙ ተመራማሪዎች የከምአህን ውኃ በላቦራቶሪ ፈትነው ስታፊሎኮከስ የተባለውን ቁስል አመርቃዥ ባክቴሪያ እድገት እንደሚገታ ጽፈዋል። ይህ በላቦራቶሪ ሳሕን ላይ የታየ ውጤት ነው፤ ማንም ሰው በቤቱ እንጉዳይ ጨምቆ ዓይኑ ውስጥ እንዲጨምር ፈቃድ አይሰጥም። ሐዲሱ መርምሩ የሚል በር ከፈተልን፤ በበሩ መግባት ደግሞ ዕውቀትና ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ሳይጣል የቀረው ሳሕን

በ1897 ኧርነስት ዱሼን የተባለ የ23 ዓመት ፈረንሳዊ የሕክምና ተማሪ በሊዮን ከተማ የመመረቂያ ጽሑፉን አቀረበ። ጽሑፉ ሻጋታና ባክቴሪያ እርስ በርስ እንደሚታገሉ፣ ሻጋታም ባክቴሪያን ሊያሸንፍ እንደሚችል የሚያሳይ ነበር። ሰሚ አላገኘም። ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፣ ወጣቱም በ1912 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

ከ31 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1928፣ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ሐኪም ከዕረፍቱ ተመልሶ ለንደን በሚገኘው ቅድስት ማርያም ሆስፒታል ወደ ላቦራቶሪው ገባ። ጠረጴዛው ላይ ስታፊሎኮከስ ያረባባቸው የመስታወት ሳሕኖች ተከምረዋል። ከአንዱ ሳሕን ላይ አረንጓዴ ሰማያዊ ሻጋታ በቅሎበት አገኘ። ይህ በማንኛውም ላቦራቶሪ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ተበላሸ ተብሎ ይታጠባል። ፍሌሚንግ ግን ልብ ብሎ ሲመለከት በሻጋታው ዙሪያ የነበሩት ባክቴሪያዎች ሟሙተዋል፤ ራቅ ያሉት ግን እንዳሉ ናቸው።

ይህ ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ ቁስለኞችን ሲያክም የቆየ ነው። በዚያን ጊዜ ቁስል ውስጥ የሚፈስሰው ማጠቢያ መድኃኒት ጀርሙን ብቻ ሳይሆን የበሽተኛውንም ሥጋ ሲጎዳ ዓይቷል። ጀርሙን ገድሎ ሰውን የማይጎዳ ነገር ሲፈልግ ነበርና ያንን ሳሕን ለመጣል እጁ እሺ አላለውም። ከሻጋታው የሚወጣውን ፈሳሽ ፔኒሲሊን ብሎ ሰየመው፣ በ1929ም ስለ እሱ ጽፎ አሳተመ። ነገር ግን ፈሳሹ ቶሎ የሚበላሽ፣ አጣርቶም ለማውጣት አስቸጋሪ ሆነበት። ነገሩ እንደገና ወደ መደርደሪያ ተመለሰ።

የኦክስፎርድ ሰዎች ድካም

ብዙዎቻችን ታሪኩ ፍሌሚንግ ላይ ያለቀ ይመስለናል። እንዲያውም ገና መጀመሩ ነበር። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ፍሎሪ የተባለ አውስትራሊያዊና ከሂትለር ጀርመን ሸሽቶ የመጣው አይሁዳዊው ኧርነስት ቼይን የፍሌሚንግን ጽሑፍ አንስተው አነበቡ። ኖርማን ሂትሊ የተባለ ዝምተኛ ባልደረባም ነበራቸው። ፔኒሲሊኑን ሳይበላሽ አጣርቶ ማውጣት የተቻለው በዚህ ሰው ብልሃት ነው።

ግንቦት 25 ቀን 1940 ስምንት አይጦች ገዳይ ባክቴሪያ ተወጉ። ለአራቱ ፔኒሲሊን ተሰጠ፤ አራቱ ተተዉ። ሲነጋ ያልታከሙት አራቱ ሞተው፣ የታከሙት አራቱ በሕይወት ተገኙ። ጊዜው የጦርነት ነውና ዕቃ አይገኝም። ሂትሊ ሻጋታውን ያራባ የነበረው በሽተኞች አልጋ ላይ ሆነው በሚጸዳዱበት ሳሕን፣ በወተት ገንቦና በገላ መታጠቢያ ገንዳ ጭምር ነበር። የጀርመን ጦር ቢገባ ሻጋታው እንዳይጠፋ ሲሉም በልብሳቸው ገበር ላይ ቀብተው ያዙት።

የካቲት 12 ቀን 1941 አልበርት አሌክሳንደር ለተባለ የ43 ዓመት ፖሊስ መድኃኒቱ ተሰጠ። ከትንሽ የፊት ቁስል የተነሳ መላ አካሉ መግል ይዞ፣ አንድ ዓይኑም ወጥቶ ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ ለውጥ ታየ፣ ትኩሳቱ በረደ፣ መብላትም ጀመረ። ያለው መድኃኒት ግን በአምስት ቀን አለቀ። ሐኪሞቹ ከበሽተኛው ሽንት ውስጥ የወጣውን ፔኒሲሊን እንደገና እያጣሩ መልሰው ሰጡት። እሱም አልበቃም። ሕመሙ አገረሸበትና መጋቢት 15 ቀን 1941 ሞተ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ። ይህ ሰው የሞተው መድኃኒቱ ሳይሠራለት ቀርቶ አልነበረም፤ ሕክምናው ሳይፈጸም መድኃኒቱ ስላለቀ ነው። ጠብታው ከሽንት ሳይቀር እየተለቀመ ሳይበቃ ቀረ። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

የሻገተ ሜሎንና የፍሳሽ ውኃ

እንግሊዝ በጦርነት ስለተያዘች ፍሎሪና ሂትሊ በሐምሌ 1941 ወደ አሜሪካ ሄዱ። በኢሊኖይ ግዛት ፒዮሪያ በምትባል ከተማ የመንግሥት የእርሻ ላቦራቶሪ ነበር። እዚያ የነበሩ ባለሙያዎች ከበቆሎ ስታርች ሲሠራ የሚተርፈውን ዝልግልግ ፈሳሽ ለሻጋታው ቢመግቡት ምርቱ በብዙ እጥፍ እንደሚጨምር ደረሱበት። የበለጠ የሚሰጥ ሻጋታ ፍለጋ ከየአገሩ አፈር አስመጡ። በመጨረሻ በ1943 ጥሩው ሻጋታ የተገኘው እዚያው ከፒዮሪያ ገበያ በመጣ አንድ የሻገተ ሜሎን ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ዓለም የተጠቀመበት ፔኒሲሊን ዘሩ በአብዛኛው ከዚህ ሜሎን ነው። በሰኔ 1944 የተባበሩት መንግሥታት ጦር በፈረንሳይ ጠረፍ ሲወርድ ለቁስለኞች ከ2 ሚሊዮን በላይ የፔኒሲሊን መጠን ተዘጋጅቶ ነበር።

በ1945 ፍሌሚንግ፣ ፍሎሪና ቼይን የኖቤል ሽልማት አገኙ። ሂትሊ አልተሸለመም። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና የክብር ዶክትሬት የሰጠው በ1990፣ ካረጀ በኋላ ነበር።

በዚያው በ1945 በጣሊያን የሰርዲኒያ ደሴት፣ ካልያሪ ከተማ፣ ጁሴፔ ብሮትዙ የተባሉ የጤና አጠባበቅ ፕሮፌሰር ሌላ ነገር አስተዋሉ። የከተማው ቆሻሻ ፍሳሽ ባሕር ውስጥ በሚገባበት ቦታ ውኃውን ቀድተው መረመሩ። ባሕሩ ራሱን የሚያጸዳበት አንድ ነገር ሳይኖር አይቀርም ብለው ገምተው ነበር። ከዚያ ውኃ የታይፎይድን ባክቴሪያ ጭምር የሚገድል ፈንገስ አገኙ። በቂ መሣሪያ አልነበራቸውምና በ1948 ጽፈው አሳተሙ፣ ናሙናውንም ወደ ኦክስፎርድ ላኩ። በኦክስፎርድ ኤድዋርድ አብርሃምና ጋይ ኒውተን ከዚህ ፈንገስ ሴፋሎስፖሪን ሲ የተባለውን ንጥረ ነገር በ1950ዎቹ አወጡ። ዛሬ በየሆስፒታላችን "ሴፍትሪያክሶን" ተብሎ በደም ሥር የሚሰጠው መርፌ የዚህ ቤተሰብ ልጅ ነው። አብርሃም ከዚህ ግኝት ያገኘውን ብዙ ገንዘብ ለምርምር የሚውል ተቋም አቋቁሞ አውሎታል።

ፈንገስ ፈንገስን የሚያሸንፍበትም ጊዜ አለ። በየመድረሳው የምናስተምር ሰዎች በልጆች ራስ ላይ የሚወጣውን ቆረቆር በደንብ እናውቀዋለን። ቆረቆር ራሱ የፈንገስ በሽታ ነው። የሚዋጠው መድኃኒት ግሪሲዮፉልቪን ደግሞ በ1939 የተገኘው ከፔኒሲሊየም ወገን ከሆነ ሌላ ሻጋታ ነው፤ ለሰው መታከሚያነት የዋለውም በ1958 ነው። ልጁ በፈንገስ ታመመ፣ በፈንገስ ዳነ ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ይህ መድኃኒት ለአገራችን ምን አደረገ? አንዱን ልጥቀስ። የድሮ ሰዎች ግርሻ የሚሉት በሽታ ነበር። በቅማል ይተላለፋል። ሰውየው ለቀናት ይንቀጠቀጣል፣ ይሻለዋል፣ እንደገና ያገረሽበታል። በክረምት፣ ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት፣ ልብስ መቀየሪያ በሌለው ድኻ ላይ ይበረታል። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ይህ በሽታ ጸንቶ ከቆየባቸው ዋና አገሮች አንዷ ነበረች። መድኃኒቱ ፔኒሲሊንና ቴትራሳይክሊን ነው። በአዲስ አበባ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች 62 የግርሻ በሽተኞችን ተከታትለው በ1970 ያሳተሙት ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከሰዓታት በኋላ በሽተኛው በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱም ይወጣል። ይህም የሚሆነው ጀርሞቹ በአንድ ጊዜ ሲሞቱ ነው። ስለዚህ በሽተኛው በቅርብ ሊታይ ይገባል የሚለው ትምህርት ከእንደነዚህ ዓይነት የአገራችን በሽተኞች የተቀሰመ ነው።

በዞናችንም ቢሆን ስለ ፈንገስ ሲመረመር ቆይቷል። በአምቦ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተጀመረውና በኋላ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል የሆነው ተቋም ከአገራችን አፈርና ነፍሳት የተለዩ፣ ቦቬሪያና ሜታራይዚየም የሚባሉ ፈንገሶችን አሰባስቧል። እነዚህ ሰብል የሚያጠፉ ተባዮችን የሚገድሉ ናቸው። ትሪኮደርማ የሚባለው የአፈር ፈንገስ ደግሞ ሌሎች ፈንገሶችን በሚያመነጨው ንጥረ ነገርና በሽሚያ ያሸንፋል። የአገራችን ተመራማሪዎች በባቄላ ቅጠል ላይ ቡናማ ነጠብጣብ በሚያወጣው በሽታና በቡና አድርቅ በሽታ ላይ ፈትነውታል። ባቄላ ለምትዘሩ አድማጮቻችን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

"የእኛ አገር ሰው እንዲህ ያለ ግኝት ላይ ይደርሳልን?" የሚል ካለ፣ ነገሩ ከፈንገስ ወጣ ቢልም ዶክተር አክሊሉ ለማን አስታውሳለሁ። በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነሱ በታች ባለው ውኃ ላይ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው አየ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ በሽታ አስተላላፊ ነው። ሴቶቹ ዘመናቸውን ሁሉ ያጥቡ ነበር፣ መንገደኛም ሁሉ ያልፍ ነበር። እሱ ግን ቆሞ "ለምን ሞቱ?" ብሎ ጠየቀ። ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። አገራችንም በ1998 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብቷንና የማኅበረሰቡን ዕውቀት ማንም ያለ ፈቃድ እንዳይወስድ፣ ጥቅሙም ለማኅበረሰቡ እንዲደርስ ደንግጋለች። ይህ ሕግ የዕፅዋትን ብቻ ሳይሆን በአፈራችን ውስጥ ያለውን የማይታይ ፍጥረት ጭምር ይመለከታል።

የእኔ ጥፋት

አሁን ወደ ቤቴ ልመልሳችሁ። ይህን የምናገረው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ጥፋቱ የራሴ ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለተኛዋ ልጄ ጉሮሮዋን ታመመች። ምራቅ መዋጥ አቃታት፣ ሰውነቷ ጋለ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፣ አሞክሲሲሊን ለአሥር ቀን ታዘዘላት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋ፣ ልጅቱም ከእኩዮቿ ጋር መሯሯጥ ጀመረች። "አልሐምዱሊላህ ድናለች፤ ለምን መድኃኒት እናባክናለን?" አልኩና የተረፈውን መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ ጎረቤታችን መጣች። "ሼኽ፣ ልጄ ጉንፋን ይዞት ሌሊቱን ሲያስል አደረ፤ እርስዎ ዘንድ መድኃኒት አይጠፋም ብዬ ነው" አለችኝ። እኔም ሰደቃ የሰጠሁ መስሎኝ ያንኑ ትራፊ ሰጠኋት።

ወር ሳይሞላ ልጄ ሕመሙ ተመለሰባት። በዚህ ጊዜ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ነበር። የጤና ባለሙያዋ መረመረቻትና ወደ እኔ ዘወር ብላ፣ "ሼኽ፣ ያኔ የታዘዘላትን መድኃኒት ጨረሰች?" ስትል ጠየቀችኝ። ዝም አልኩ። "የቀረውስ የት ሄደ?" አለች። የቀረው የት እንደሄደ ስነግራት ምንም አልተቆጣችም። ያልተጨረሰ የጉሮሮ ሕመም ወደ መገጣጠሚያ፣ ከዚያም ወደ ልብ ሊሄድ እንደሚችል፣ የጎረቤቴ ልጅ ጉንፋን ደግሞ በዚህ መድኃኒት የማይነካ መሆኑን ቀስ ብላ አስረዳችኝ። አላህ ይመስገን የልጄ ልብ ለጊዜው ደኅና ሆኖ ተገኘ። ሆኖም እንዳይመለስባት እስከ ዛሬ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች። መርፌው ያማል። በየወሩ እጄን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው ስትገባ፣ ያ መስኮት ላይ ያስቀመጥኩት ትራፊ ይታወሰኛል። በሚንበር ላይ ስለ አማና የምናገር ሰው እኔ ነኝ።

መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ

ባክቴሪያ ከውጭ የሚጠብቀው ጠንካራ ግድግዳ አለው። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ ይህ ግድግዳ እንዳይገነባ ያደርጋሉ፤ ባክቴሪያውም ውኃ እየገባበት ይፈነዳል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው አይነካም። ፍሌሚንግ ሲፈልገው የኖረው ጀርሙን ገድሎ ሰውን የሚተው ነገር ይኸው ነበር። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስም ይህ ግድግዳ የለውም፤ ስለዚህ ለጉንፋን አሞክሲሲሊን መዋጥ መድኃኒቱን ማባከን ነው። አሞክሲሲሊን በ1970ዎቹ ሥራ ላይ የዋለ ቢሆንም እምብርቱ ያው የሻጋታው ፔኒሲሊን ነው።

ባክቴሪያም ዝም ብሎ አይሞትም። ቼይንና አብርሃም ገና በ1940፣ መድኃኒቱ ለሰው ከመሰጠቱ በፊት፣ ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ነገር የሚያመነጭ ባክቴሪያ እንዳለ ጽፈዋል። በ1940ዎቹ መጨረሻ በለንደን ሆስፒታሎች ፔኒሲሊን የማይበግራቸው ስታፊሎኮከሶች በዝተው ተገኙ። ፍሌሚንግም በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ አስጠንቅቆ ነበር። ጉሮሮውን የታመመ አንድ ሰው በራሱ ፈቃድ ፔኒሲሊን ገዝቶ ጥቂት ወስዶ ቢተው፣ ጀርሙን ሳይገድል መድኃኒቱን መቋቋም ያስተምረዋል፤ ያ ጀርም ወደ ሚስቱ ተላልፎ ቢገድላት ጥፋቱ የማን ነው ብሎ በምሳሌ ጠየቀ። ይህን ሳነብ ስለ እኔ ቤት የተናገረ መሰለኝ። በ2019 ብቻ መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች በቀጥታ ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል።

አማናው

አሁን ያንን የኦክስፎርድ ፖሊስ እናስታውስ። እሱ መድኃኒቱ አልቆበት ሞተ፤ ከሽንቱ እየተጣራ እንኳ አልበቃውም። እኛ ዘንድ ግን መድኃኒቱ ሳያልቅ ሕክምናው ያልቃል። የሻገተ ሳሕን፣ የበሰበሰ ሜሎን፣ የከተማ ፍሳሽ፣ ከእነዚህ ከተጣሉ ነገሮች ሰዎች መድኃኒት ለቀሙ፤ እኛ ደግሞ መድኃኒቱን መስኮት ላይ ጣልነው።

ስለዚህ ውድ ቤተሰቦች፣ ከዚህ ታሪክ እነዚህን ጥቂት ነገሮች ይዘን እንነሳ። አንደኛ፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ባለሙያ ሳያዝዝ አንግዛ፣ ባለሙያው የለም ካለንም "ቢሆንም ይስጡኝ" ብለን አናስጨንቀው። ሁለተኛ፣ ባለሙያው ያዘዘውን ያህል፣ ባዘዘው ሰዓት፣ ሕመሙ ቢተወንም እስከ መጨረሻው እንውሰድ። ሦስተኛ፣ ትራፊ ለጎረቤት አንስጥ፤ ጎረቤትን መርዳት ከፈለግን ልጁን ይዘን ጤና ጣቢያ እንሂድ። አራተኛ፣ እህቶቻችን የሻገተውን እህልና እንጀራ ለይታችሁ ስታወጡ ልክ ናችሁ፤ በዚሁ ግፉበት።

ለልጆቻችሁ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር እጨምራለሁ። ክረምት ላይ ልጃችሁ በግንድ ላይ የበቀለ እንጉዳይ አይቶ "አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?" ቢላችሁ "ተወው፣ ቆሻሻ ነው" ብላችሁ አታልፉት። እንዳይበላውና ነክቶም እጁን እንዲታጠብ ንገሩት፤ ጥያቄውን ግን አትግደሉበት። በአምቦም በአዲስ አበባም ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ የአዳበርጋና የሙገር አፈርም ገና ያልታዩ ፍጥረታትን ይዟል። ነገ ከመካከላቸው አንዱን የሚያገኘው ዛሬ የጠየቀው ያ ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ኢንሻአላህ።

አላህ (ሱ.ወ) የታመሙትን ይፈውስልን፣ ጤና ባለሙያዎቻችንን ያበርታልን፣ የተሰጠንን ኒዕማ የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።